ጎንበስ ስል እንዳትሸሽ፦ ከዳማ ጋር የሦስት ወር ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ውሻዋ ተፈተለከች። ድንጋይ አላነሣሁም፤ አልጮኽኩባትም። እጄ መሬት ሊነካ ገና አንድ ክንድ ይቀረው ነበር። እሷ ግን ጭራዋን በእግሮቿ መሀል ሸጉጣ፣ የአከራዬን የእማማን የጎመን መደብ ዘላ፣ አጥሩ ጥግ ደረሰች። እዚያ ቆማ በጎን ዓይኗ ታየኝ ጀመር። ቀና ብዬ ወደ ቤት እስክገባ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወዲያ፣ ማሳውና አዲሱ ቤት በሚገፋፉበት ሰፈር፣ እማማ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ከተከራየሁ አራት ወር ሆነኝ። ውሻዋ ከእኔ በፊት የነበረች ናት። ከግንባታ ጥበቃዎች ጋር ሳታድግ አልቀረችም ይላሉ፤ ሕንፃው አለቀ፣ እነሱ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። መልኳ ዳማ ስለሆነ ዳማ አልኳት። ስጠራት ጆሮዋን ትቀስራለች፣ እስከ ሁለት እርምጃ ትመጣለች፣ ከዚያ በላይ የለም።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ሥራ ስለጀመርኩ ነው። ሥራው አንድ ነው፦ አጠገቧ ጎንበስ ስል እንዳትሸሽ ማድረግ። ጊዜው እስከ ጥምቀት።

ሌላም ምክንያት አለ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቡና እየጠጣሁ የወር መዝጊያውን አስባለሁ፤ መዝጊያውን እየሠራሁ የቤት ኪራዩን አስባለሁ፤ ኪራዩን ከፍዬ ስወጣ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር። በአዲስ ዓመት ማግስት እናቴ ቤት ሄጄ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችልኝ፣ “ልጄ፣ መጥተህም አልመጣህም” አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ ውሻዋን አጥሩ ጥግ ቆማ ሳያት ደግሞ አንድ ነገር መጣብኝ፦ እሷ እኔን የምታየኝ በሙሉ ቀልቧ ነው። እኔ ባለፉት አራት ወራት እሷን እንደዚያ አይቻት አላውቅም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

የእንስሳት ሐኪሙ ከሥራ በኋላ መጣ። ባለቤት ከሌላት ውሻ ጋር እጅ ለእጅ ልሠራ ካሰብኩ ክትባቱ የሚዘለል ነገር አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አሁንም ሰው ይገድላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ሐኪሙ ይህንኑ ለግቢው ሰውና ለጎረቤት ልጆች ቆሞ ነገራቸው፦ ውሻ ከነከሳችሁ፣ ወይም የተከፈተ ቁስል ከላሰባችሁ፣ ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ነገ አትበሉ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቦርሳውን መሬት ላይ አላስቀመጠም፤ በርጩማ ላይ አድርጎ ነው የከፈተው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ “ጎንበስ ካልኩማ አጣኋት” አለኝ። ለካ ይህን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ የመንገድ ውሻ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሚያነሣው ድንጋይ ባይኖርም የሰው ወገብ መታጠፍ ብቻ ይበቃዋል።

ስለ ምግቧም የነገረኝን እዚህ ልጻፈው፤ እማማም እንዲያነቡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ስለዚህ የወጥ ትራፊ ይቅር። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሳንባና ጉበት ጥሬውን አይሰጥም፤ ውስጡ የትል ከረጢት ሊኖር ይችላል፣ ውሻው ከበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል። በደንብ መቀቀል ነው። እማማ እስከ ዛሬ የሽሮ ድስቱን ጠርገው ሲሰጧት የኖሩት በደግነት ነው፤ ስነግራቸው ደንገጥ አሉና፣ “ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ቆመች?” አሉ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

“ቁጭ” ማስተማር ጀመርኩ። ከጎንበሱ በፊት አንድ ቀላል ነገር አብረን ብንሠራ ይሻላል ብዬ ነው፤ ሁለታችንም አንድ ቋንቋ ያስፈልገናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻ የሚማረው የሠራውና ያገኘው ነገር ሲገናኙለት ነው። በሁለቱ መሀል ጥቂት ሰከንድ ከገባ አይገናኙም። ሥጋውን ከኪሴ አውጥቼ እስካቀብላት ድረስ ደግሞ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ መሀል ላይ አንድ ቃል ይገባል። ቂጧ መሬት በነካበት በዚያችው ቅጽበት “ጎሽ!” እላለሁ፣ ሥጋው ከኋላ ይከተላል። መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ትርጉም እንዲኖረው ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳላዛት “ጎሽ” እያልኩ ቁራሽ ሳንባ ስሰጣት ነበር። ከዚያ በኋላ “ጎሽ” ስላት ምራቋ ይሞላል፣ ዓይኗ ይበራል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ግራ ኪሴ 20 ባቄላ ከተትኩ፤ በጊዜው በደረስኩ ቁጥር አንዱን ወደ ቀኝ ኪሴ አዛውራለሁ። ስጨርስ ቀኝ ኪሴ ውስጥ 7 ባቄላ አገኘሁ። በ13ቱ ዘግይቻለሁ። የዘገየሁት እጄ ስለሰነፈ አይደለም። ትቀመጣለች፣ እኔ ስለ ቢሮ አንድ ደረሰኝ እያሰብኩ ነኝ፣ ስመለስ ተነሥታለች፣ በተነሣችበት “ጎሽ” እላለሁ። ዳማ ደግሞ ያልኳትን ነው የምትሰማው። ማታ ላይ ስታየኝ ብድግ ማለት ጀመረች፤ ያስተማርኳት መነሣትን ነበር።

የዘገየ “ጎሽ” ዝም ከማለት የባሰ ነው፤ ሌላ ነገር ያስተምራልና። ዛሬ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ለእናቴ፣ ለእህቴ ልጆች፣ አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ በስንቱ ዘግይቼ “ጎሽ” ብያለሁ?

ጥቅምት 23 እና 24

የውሻ ቤት ሠራሁ። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ አጥንቱ ከተከለከለ ቢያንስ ቤት ይገባታል። ሌሊት ከእንጦጦ ሸንተረር የሚወርደው ብርድ እዚህ ግቢ ውስጥ ማንንም አይምርም።

ልኳን የወሰድኩት ተኝታ ሳለች መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ነው፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር 72 ሳንቲ ሜትር። ቤቱን ርዝመቱን 95፣ ስፋቱን 65፣ ቁመቱን 70 አደረግሁት። ሲሰፋ ደግ ይመስላል እንጂ ጥሩ አይደለም፤ ቤቱን የምታሞቀው በገላዋ ነው። ሥሩ አራት ብሎኬት፣ በላዩ ሞራሌ፣ በላዩ ጣውላ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ውስጡን በካርቶን ሸፈንኩት፤ አለበለዚያ ጠዋት ጠል ያንጠባጥብባታል። በሩን ከነፋሱ አዞርኩት። ውስጡ የጤፍ ጭድ።

ሁለቱን ቀን ሙሉ መዶሻ ስይዝ ዳማ ከሩቅ ተኝታ ትመለከተኝ ነበር። ሚስማር ከእጄ በወደቀ ቁጥር ለማንሣት ጎንበስ እላለሁ፣ እሷ ትነሣለች። ስንት ጊዜ እንደተነሣች ሳየው ሥራው የዋዛ እንዳልሆነ ገባኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስማሩን ቁጭ ብዬ ማንሣት ጀመርኩ።

ማታ አልገባችበትም። እስከ 4 ሰዓት መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ጠዋት ስወጣ ጭዱ መሀሉ ጎድጉዶ አገኘሁት። እጄን ከተትኩ፤ ሙቀቱ ገና አልወጣም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የጎንበሱ ሥራ ተጀመረ። ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ አንገቴን ብቻ ዝቅ ማድረግ፤ ከዚያ ትከሻዬን፤ ከዚያ እጄን ጉልበቴ ላይ፤ ከዚያ ቅልጥሜ ላይ፤ ከዚያ መሬት፤ ከዚያ ድንጋይ መንካት፤ መጨረሻ ድንጋይ ማንሣት። አንዱ ደረጃ ላይ ጆሮዋ ሳይተኛ፣ ጭራዋ ሳይወርድ አምስት ጊዜ ካልቆየች ወደሚቀጥለው አልሄድም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ጎንበስ፣ ቀጥሎ ሥጋ። ሥጋውን ቀድሜ ካሳየኋት ሥጋው የድንጋይ ማባበያ ይሆንባታል፤ ቀስ በቀስ ሥጋውንም መፍራት ትጀምራለች። ጎንበስ ማለቴ ግን ሁልጊዜ ከሥጋ የሚቀድም ከሆነ፣ ጎንበስ ማለት “ሥጋ እየመጣ ነው” ማለት ይሆናል። ቃሉን አልሰርዝላትም፤ ትርጉሙን እቀይርላታለሁ።

አንገቴን ዝቅ ማድረግ ላይ አራት ቀን ፈጀን።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን እየሰበሰበ ያቃጥላል። እማማ ግቢውን እየጠረጉ ከእናታቸው የሰሙትን ይነግሩኝ ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ቀባሪ እንደጠፋ፣ አውሬው ከተማ ውስጥ እንደገባ። ዓለም ሁሉ የተመታበት ያ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ጭሱ እስካሁን ይጨሳል።

ዳማ ቤቷ ውስጥ ገብታ አፍንጫዋን ጭዱ ውስጥ ቀበረች። ዛሬ ሥራ የለም አልኩ። በሯ አጠገብ በርጩማ አምጥቼ ቁጭ አልኩ። ጭሱ እስኪሳሳ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ስልኬ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሆን ብዬ አልተውኩትም፣ ረስቼው ነው። በሦስተኛው ሰዓት ይመስለኛል፣ አገጯ ጫማዬ ጫፍ ላይ አረፈ። ክብደቱ ከአንድ ስኒ አይበልጥም። እግሬ ደነዘዘ፤ ግን አላንቀሳቀስኩትም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጾመ ነቢያት ትናንት ገባ። የሰፈሩ ሉካንዳ ተዘጋ። ሳንባ የለም፤ ሥራው ደግሞ ያለ ሳንባ አይሄድም። በእንቁላል ሞከርኩ፤ ቀቅዬ እንደ ስኳር ቁራጭ ቆረጥኩት። እማማ እንቁላል ሲቀቀል አይተው፣ “በጾም?” አሉኝ። ለዳማ መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ከዶሮዎቻቸው ሥር ሁለት አምጥተው ሰጡኝ።

እጄ ቅልጥሜ ላይ ደርሷል። ባቄላው ከ20ው 15 ደርሷል።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስለ አፍንጫ።

በገመድ መሄድ ከጀመርን ሁለት ሳምንት ሆነን። እስከ ትናንት ድረስ የጠዋት መንገዳችን ለእኔ 30 ደቂቃ ነበር፦ ከግቢ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ግቢ። እሷ በቆመች ቁጥር “ነይ እንጂ” እያልኩ እስባታለሁ። ዛሬ ሰዓቱን ቤት ተውኩት። የምትቆምበት ሁሉ እቆማለሁ ብዬ ወጣሁ።

ከማሳው ዳር አንድ የአጥር እንጨት አለ፤ ጠማማ፣ ሥሩ ላይ ሻጋታ የያዘ። እዚያ ቆመች። ጎኗ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት። የውሻ አፍንጫ ከፊት ሁለት ቀዳዳ አለው፣ በጎንና በጎን ደግሞ እንደ ነጠላ ሰረዝ ጠምዘዝ ያለ ስንጥቅ። አየሩ ከፊት ይገባል፤ ሲወጣ በጎን ስንጥቁ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚወጣው የሚገባውን ሽታ አይገፋውም። በአንድ ሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ታሸታለች። ያንን በዓይኔ ልቆጥረው ሞከርኩ፤ አይቆጠርም፣ ስንጥቁ ብቻ እንደ ዓሣ ስንጥብ ይርገበገባል። እንጨቱ ሥር ያለው አቧራ በትንፋሿ ብን ይል ነበር። ከታች ጀመረች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ተመለሰች፣ ያንኑ ቦታ ደገመችው። ከዚያ ገላዋን አራገፈችና ሄደች።

ሌሊት እዚህ ማን እንዳለፈ አውቃለች። ጅብ ይሁን ሌላ ውሻ ወይስ ቀበሮ፣ እኔ አላውቅም። አምስት ወር ሙሉ በዚህ እንጨት አጠገብ አልፌ ታክሲ ተሳፍሬ መገናኛ ወርጃለሁ፤ እንጨቱ መኖሩን እንኳ ዛሬ ነው ያየሁት። ስንዴው ታጭዷል፤ ክምሩ ላይ ጠል አለ፤ ከሩቅ አንድ ሰው በሬዎቹን እያበራየ ያዜማል። ይህ ሁሉ በየጠዋቱ ነበረ።

እስከ ባሕር ዛፉ አልደረስንም። ቤት ስመለስ ከወትሮው ብዙ አላረፈድኩም፤ የሄድነው ግን ግማሹን አይሆንም።

(ስለ ኳሱ፦ ቀይ ኳስ ገዝቼላት ሣር ላይ ስወረውር ታጣዋለች። ውሻ ሰማያዊና ቢጫ ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ለዓይኑ ይቀራረቡበታል። ለውሻ የሚገዛ ሰማያዊ ይግዛ።)

ኅዳር 30፣ ሰኞ

አበላሸሁት።

የወር መጨረሻ ነው። እጄ መሬት የሚነካበት ደረጃ ላይ ነበርን፤ ሁለት ጊዜ ነክቼ ቆይታልኛለች። ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ “አንድ ጥሪ ብቻ ነው የምጠብቀው” ብዬ ነው ይዤው የወጣሁት። በሦስተኛው ጎንበስ ላይ ጠራ። ቀልቤ ወደዚያ ሄደ፤ ስልኩ ሾልኮ ወደቀ፤ “ኧረ!” ብዬ ጮኽኩና ለመያዝ እጄን ወረወርኩ። ስልኩ ድንጋይ ላይ ጧ ብሎ አረፈ። የመታጠፍ፣ የጩኸትና የድንጋይ ድምፅ ባንድ ላይ ሆኑባት።

የግቢው በር ክፍት ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ሁለት ሌሊት የለችም። ትናንት ማታ በባትሪ እስከ ባሕር ዛፉ ሄጄ ስጠራት ነበር። ጅብ ከወንዙ በኩል ይጮኻል። የፊት ለፊት ሕንፃ ጥበቃ አባባ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ወጥተው፣ “ልጄ፣ ግባ። አትከተላት። ውሻ ያሸሻትን ሰው ድምፅ ከሰማች ትርቃለች እንጂ አትቀርብም” አሉኝ። ያሸሻት ሰው እኔ መሆኔን ከሌላ አፍ ስሰማው ከበደኝ።

የቢሮ ሥራውን በሰዓቱ አስረክቤያለሁ። ጥሪው ደግሞ እስከ ማግስቱ የሚቆይ ነገር ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ በሬን ስከፍት ደጃፉ ላይ ተኝታለች። ቤቷ ውስጥ አይደለም፣ ደጃፌ ላይ። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ደሙ ደርቋል። ጭራዋ አንድ ጊዜ ብቻ መሬቱን መታ።

ምንም አላልኩም። አጠገቧ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልጎነበስ። ቁስሉን ሳየው ትንሽ ነው፤ ሐኪሙ በስልክ በጨው ውሃ እንዳጥበው ነገረኝ፤ ያከምኩበትን እጄንም በሳሙና በደንብ ታጠብኩ። አቅፌ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ይህ የእኔ ፍላጎት እንጂ የእሷ አይደለም።

ከአንገት ዝቅ ማድረግ እንደገና እንጀምራለን። ስልኩ ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓታችን ቤት ውስጥ ይቀራል።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያየን ሰነበተ። ዳማ ላይ ድንጋይ ከሚወረውሩት አንዱ እሱ ነበር። ዛሬ፣ “ጋሼ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ የምትሰግድላት?” አለኝ።

ገብቶ እንዲያይ ጠራሁት። በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ባቄላውን እንዲቆጥር ሰጠሁት። እኔ ጎንበስ ስል፣ ጆሮዋ ከተኛ “አይሆንም”፣ ካልተኛ “ይሆናል” በል አልኩት። ልጁ ከእኔ ይልቅ ያያል። እኔ ጭራዋን ስጠብቅ እሱ የፊት እግሯን ጣቶች ያያል፤ ልትሸሽ ስትል ጣቶቿ ቀድመው መሬቱን ይቆነጥጣሉ። ሁለት ወር ሙሉ አላየሁትም ነበር።

ሲሄድ፣ “ድንጋይ ስንወረውር እኮ አይመታትም፣ ለማስፈራራት ነው” አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ልጁ በሩ ላይ ቆም ብሎ አያት፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ሰዎች “ውሻ ትናንት የለውም፣ ለዚህ ነው ደስተኛ የሆነው” ይላሉ። እኔም ሥራውን ስጀምር እንዲያ መስሎኝ ነበር፦ ከዳማ የምማረው መርሳትን ነው ብዬ።

ትክክል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ውስጥ ክላውዲያ ፉጋዛና ባልደረቦቿ 17 ውሾች ይዘው ያሳተሙት ጥናት አለ። ውሾቹ መጀመሪያ ሰው ያደረገውን አይተው መድገም ተምረዋል፤ ቀጥሎ ሰው ምንም ቢያደርግ ዝም ብለው መተኛት ተማሩ፤ ከዚያ አንድ ቀን ባልጠበቁት ሰዓት “ድገሙት” ተባሉ። ከአንድ ደቂቃም፣ ከአንድ ሰዓትም በኋላ ያዩትን ያስታወሱ ነበሩ፤ እንዲያስታውሱት ማንም ባያዝዛቸውም። ዳማ ደግሞ ያለ ጥናትም ነግራኛለች። ድንጋዩን አልረሳችም። ወገቤ በታጠፈ ቁጥር ትናንቷ አብሯት አለ።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ትሸሻለች፣ አጥሩ ጥግ ትደርሳለች፣ ድንጋይ አለመኖሩን ታያለች፣ ገላዋን ከራስ እስከ ጭራ ታራግፋለች፣ ከዚያ አፍንጫዋ ወደ ጎመኑ ይመለሳል። ያች ማራገፍ! እኔ ሰኞ የተናገረኝን አለቃ እስከ ዓርብ ድረስ ስመልስለት እቆያለሁ፣ በልቤ።

ሃርቫርድ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም አለ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ። 2,250 ሰዎችን በስልክ በድንገት እየጠየቁ “አሁን ምን እያደረግህ ነው? ምንስ እያሰብህ ነው?” ይሏቸው ነበር። ከመልሶቹ 46.9 በመቶው ላይ ሐሳባቸው ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ነበር። የእኔን ባቄላ ከዚህ ጋር አስተያየሁት። የመጀመሪያ ቀን ከ20 ውስጥ 13ቱ ላይ አልነበርኩም።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቤቱ ተናወጠ። በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሳምንታት ሙሉ ሲያንቀጠቅጥ ከርሟል፤ ያሁኑ 5.8 ነው ተባለ። መስኮቱ ተንኳኳ፣ መደርደሪያው ላይ ያለ ብርጭቆ ወደቀ። ልብሴን ይዤ ወጣሁ። እማማ ነጠላቸውን ደርበው “በስመ አብ” እያሉ ግቢው መሀል ቆመዋል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

ዳማ ቀድማ አላወቀችም፤ ውሻ ቀድሞ ያውቃል ይላሉና ልጽፈው ብዬ ነው። ከእኛው ጋር ነው የነቃችው። ከቤቷ ወጥታ እግሮቿን ሰፋ አድርጋ ቆማ ነበር፣ ፀጉሯ ቆሞ። ሁለት ጊዜ ጮኸች። ወደ እኔ መጣች፤ ጉልበቴን አሸተተች። መሬቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ጠበቀች፣ አራገፈች፣ ሁለት ጊዜ ዞራ ጭዷ ላይ ተጠቀለለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ታንኮራፋ ነበር።

እኔ እስኪነጋ ስልኬን ይዤ ቆየሁ፤ ስንት ሬክተር፣ የት፣ እንደገና ይመጣል ወይ። እማማም አልተኙም። ንጋት ላይ ስልኩን አስቀምጬ እሳቸው ጋ ሄድኩ፤ ከሰል አቀጣጠልኩላቸው። ቡና ሲቆላ ቁጭ ብዬ ጭሱን አየሁት። እንደገና ቢናወጥ እንኳ የምሠራው አንድ ነገር ነበር፦ እማማን ይዤ ወደ ሜዳ መውጣት። ለዚያ ስልክ አያስፈልግም።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ትናንት ገና ነበር። እናቴ ቤት ዋልኩ። ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ስኒው ሲቀዳ ድምፁን ሰማሁት። እናቴ ስለ ዳማ ስትጠይቀኝ ቆይታ፣ “ፎቶዋን አሳየኝ” አለች። ስልኩ ጃኬቴ ውስጥ፣ ጃኬቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። “በኋላ አሳይሻለሁ” አልኳት። ፈገግ ብላ ሦስተኛውን ቀዳች።

ለዳማ የበግ ሳንባ ይዤላት መጣሁ። እጄ ድንጋይ ነክቷል፤ ቆማለች።

ጥር 10፣ ከተራ

ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ለማየት ሰፈሩ ወጥቷል። ከበሮው ከታች ይሰማል። እኔና ዳማ ከማሳው ዳር ነን፣ ያ ጠማማ እንጨት አጠገብ። የልጁም እናት ነጭ ለብሳ አለፈች፤ ልጁ ከኋላዋ “ጋሼ፣ ስንት ባቄላ?” ብሎ ጮኸ። ዛሬ አልቆጠርኩም።

የቀኝ ጫማዬ ክር ተፈታ። ይህን ሥራ ብዬ አላደረግሁትም፤ ኪሴም ውስጥ ሥጋ አልነበረም። ጎንበስ አልኩ። እስከ መሬት። አጠገቤ ሁለት ጠጠርና አንድ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ ነበር፤ ጣቴ ነካው። ዳማ እንጨቱን ማሽተት አላቋረጠችም። የፊት እግሯን ጣቶች አየሁ፤ ልል ናቸው። ከዚያ ዞር ብላ መጣች፣ ቀዝቃዛ አፍንጫዋን ጆሮዬ ውስጥ ከተተችና ተነፈሰችብኝ።

“ጎሽ” አልኩ። በሰዓቱ።

ክሩን ሁለት ጊዜ አሰርኩት።

የቀሩ ሥራዎች፦ ድንጋይ ማንሣት ገና ነው፤ ልጁ አጠገቧ ጎንበስ ሲል አሁንም ትሸሻለች፤ የእሱን ከአንገት እንጀምራለን። የጭድ ለውጥ፤ ቁንጫ ገብቷል። ሁለተኛው የትል መድኃኒት በጥር መጨረሻ።